የናስትሮው ኩርባ

ልጅ ሳለሁ እናቴ መምህሬን ልታገባ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም። ራሴው አይቼ፣ ራሴው ሰምቼ፣ ራሴው ደምድሜ ጨረስኩት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው የገመተውን ሁሉ በዐይኑ እንዳየው አድርጎ ነው የሚይዘው።

እናቴ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እሱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮቦት መገጣጠምና ፕሮግራም ማድረግ የሚያስተምረን መምህር ነው። ፊት ለፊቱ «ቲቸር» እንለዋለን፤ ዞር ሲል ግን ስሙ «ጋሽ አውራ ጣት» ነበር። የሠራነውን ሁሉ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነዋ የሚያርመን። ጎማ ስንገጥም በጣቱ፣ ሽቦ ስንቀጥል በጣቱ፣ ወለል ላይ መስመር ስንለጥፍ ጎንበስ ብሎ በጣቱ። «በዐይናችሁ ብቻ አትመኑ፤ ዳስሱት» ይለን ነበር። እኛም የሥራው ደንብ መስሎን ዐይናችንን ጨፍነን እንዳስስ ነበር። እስከ ዛሬ ሽቦ ስፈትሽ ዐይኔን የምጨፍነው ከዚያ ለምጄ ነው።

የሮቦት ክፍሉ ፎቅ ላይ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮችና ጎማ፣ ሞተርና ብሎን ተለይተው የተቀመጡባቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች ነበሩት። ኮምፒውተር ለመንካት ግን መጀመሪያ በወረቀት ማለፍ ነበረብን። በእያንዳንዱ ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ትእዛዝ እንጽፋለን፤ «ሦስት እርምጃ ወደ ፊት»፣ «ወደ ግራ ዙር»፣ «ቁም»። ከዚያ ወረቀቶቹን ወለል ላይ በተርታ ደርድረን፣ አንዳችን ሮቦት ሆነን በወረቀቶቹ መሠረት እንሄዳለን። አንድ ቀን «ወደ ግራ ዙር»ን ያለቦታዋ አስገብቼ ጓደኛዬን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቲቸር ግን አልሳቀም።

«ወረቀቶችሽ ሁሉ ትክክል ናቸው» አለኝ። «የጎደለ የለም፣ የተረፈም የለም። የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሮቦቱ ሲሳሳትባችሁ ሮቦቱን አትቆጡ። ወረቀቶቻችሁን መልሳችሁ ደርድሩ።»

ከክፍሉ በር እስከ ደረጃው አናት ድረስ ወለሉ ላይ ጥቁር መስመር ነበረ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚጠቀልሉበት ናስትሮ የተሠራ። መስመሩ ደረጃው ጋ ሳይደርስ፣ ሁለት እርምጃ ሲቀረው፣ አግድም በተለጠፈ ወፍራም ናስትሮ ያበቃል። እሱን «ማቆሚያ» እንለዋለን። የሮቦቶቻችን ሆድ ሥር ያለችው ሴንሰር ጥቁሩን ከነጭ እየለየች ትከተላለች፤ ማቆሚያው ላይ ስትደርስ ሮቦቱ ቀጥ ይላል። እናቴ ቅዳሜ ጧት ጧት ተንበርክካ የተላጠውን መስመር ትለጥፍ ነበር፤ ለእኛ ብላ መስሎኝ እኮራባት ነበር።

«ሮቦቱ አያሳዝንም ቲቸር?» አልኩት አንድ ቀን።

«ምኑ?»

«ከጥቁርና ከነጭ በቀር ምንም አለማየቱ።»

«ጥቁርና ነጭ ከለየ ቤቱ ይገባል» አለኝ። «መስመሩን ካልነሱት።»

እኔን «ቅርፊት» ብሎ የሚጠራኝ እሱ ነው። ኩርባ ስሠራ ናስትሮውን ጎትቼ አላጣምምም፤ አጫጭር አድርጌ አግድም እቆርጥና አንዱን በአንዱ ላይ ደረብ ደረብ አድርጌ እለጥፋለሁ። አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «ይቺ የዓሣ ቅርፊት ነው የምታነጥፍልኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹም በዚያው ያዙኝ። እሱ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ እነሱ ሲሉኝ እማታለሁ።

አባቴ የሞተው ዳዴ ሳልል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ እናቴ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ወደ ላይ ስትወጣ፣ ቲቸር ክንዷን ሲይዝ፣ ሁለቱ ቀስ ብለው ደረጃውን ሲወርዱ ከኋላቸው ሆኜ ሳይ ልቤ በደስታ ትዘል ነበር። ሲወርዱ በለሆሳስ አብረው ይቆጥራሉ። «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት…» ሠርግ ቀን እንደሚቆጠርለት ስለማውቅ እሱን ነው አልኩ። የሚቆጥሩት ደረጃ ነበር፤ አሥራ አራት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ጎማ ስፈልግ በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«መቼ ነው የሚነግሯቸው?» አለች እናቴ።

«ውድድሩ ይለፍ። ልጆቹ ሮቦታቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ሰው ፊት ይቁሙ። ከዚያ እኔው ራሴ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቼ እነግራታለሁ።»

«ከዚያ በፊት ከታወቀስ?»

«ክፍሉን ይዘጉታላ። ከእኔ ሌላ ማን አለ የሚያስተምራቸው?»

«ልጄስ?»

«እሷ ከሁሉም በኋላ ትስማ። ታዝናለች።»

ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ጎማ ታቅፌ አፌን በእጄ ያዝኩ። ምን ያሳዝነኛል? ከአስተማሪዎቹ ሁሉ አባት ምረጪ ቢሉኝ እሱን አልነበረም ወይ የምመርጠው? ያን ዕለት ወሰንኩ። እንደማላዝን፣ እንዲያውም ጎበዝ ልጅ እንደሚያገኝ ላሳየው።

ማሳያዬ ኩርባው ነበር። ሮቦቶቻችን ሁሉ ጠባብ ኩርባ ላይ ሲደርሱ መስመሩን ስተው ይወጣሉ፤ ቲቸር ራሱ «ይህን ከቻላችሁ ውድድሩን ጨረሳችሁት» ብሎናል። እኔ መላውን አግኝቼዋለሁ ብዬ አምኛለሁ። በውስጥ በኩል ያለው ጎማ እንዲያዘግም፣ የውጭው እንዲፈጥን አድርጌ ወረቀቶቼን ለሳምንት ስደረድር ሰነበትኩ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቲቸር ክፍሉ ውስጥ ሣጥኖቹን ሲያስተካክል እኔ ደረጃው አናት ላይ ተንበረከኩ።

የናስትሮው ጥቅል አልቋል። ስለዚህ ማቆሚያውን ላጥኩት። ከመስመሩ ጫፍም አንድ ክንድ ያህል ላጥኩና ሁሉንም አጫጭር አድርጌ ቆራረጥኩ። ኩርባው ጠባብ እንዲሆን ሜዳ አስፈለገኝ፤ ወደ ደረጃው አስጠጋሁት፤ ከጠርዙ ስንዝር ተኩል ያህል ሲቀረው ወደ ግራ አዞርኩት። ሮቦቴን ኩርባው ላይ አስቀምጬ ለካሁ። ሁለቱም ጎማዎቿ ወለሉ ላይ ናቸው። ይበቃል አልኩ። የለካሁት በሮቦት ጎማ ነው፤ የሰው እግር ትዝ አላለኝም።

እንደ ሌላው ቅዳሜ ቢሆን እናቴ መጥታ ክንዷን ትሰጠው ነበር። ያን ዕለት ዳይሬክተሯ አዳራሹን እጠቢ ብላ ይዛታለች። ቲቸር ጥቂት ጠበቀና ብቻውን ወጣ። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ለሮቦቴ ባትሪ ድንጋይ እያጎረስኳት ነበር፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎ አስቸገረኝ። የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ዝግ ያለ፣ መስመሩን የሚከተል ኮቴ። «ቲቸር» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ይገረማል፣ ኩርባውን አይቶ ይስቃል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ያን ትንፋሽ እስከ ዛሬ አልተነፈስኩትም።

ድምፁን አልገልጸውም። ብድግ ስል ደረጃው መሐል ባለው ማረፊያ ላይ ወድቋል። አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ሮቦቴን ታቅፌ ደረጃው አናት ላይ ቆምኩ። ጫማው ሥር አንዲት ብጣሽ ናስትሮ ተለጥፋ ነበር። እጁን ዘርግቶ ላጣትና በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዳር እስከ ዳር፣ አግድም የተቆረጠውን ጠርዟን።

«ቅርፊት» አለ። «አለሽ?»

«አለሁ ቲቸር።»

«እዚያ ላይ ያለውን መስመር በሙሉ ላጪው። ኩርባውንም፣ የኮሪደሩንም። አንድም እንዳይቀር። ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።»

«ተጎዱ ወይ?»

«ሥራ ሲያልቅ ወለል ይጸዳል። ደንባችን ነው አይደል? በይ ቶሎ።»

ከፋኝ። ወድቆ እንኳ ስለ ጽዳት ያወራል፤ ስለ ኩርባው አንድ ቃል አላለም። ግን ታዘዝኩ። በጉልበቴ እየዳህኩ ከደረጃው እስከ ክፍሉ በር ላጥኩት፤ ጥቁር ኳስ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሙጫው ጣቶቼን አጣበቃቸው፤ ጥፍሮቼ ሥር ጠቆረ።

እናቴ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ አየችው። «ወይኔ መምህር» አለች፤ ባልዲዋን ሳትለቅ ጎንበስ አለችበት። እሱ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ቀና ብላ ወደ እኔ ወጣች። ባዶውን ወለል አየች፤ እጄን አየች። ትከሻዋ ላይ በነበረው ጨርቅ ጣቶቼን አንድ በአንድ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ፈተገችኝ። አፈርኩባት። ሰው ወድቆ እሷ የልጅ እጅ ትጠርጋለች ብዬ። ከዚያ ባልዲው ተደፋ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሶ በደረጃው ወረደ፤ የቲቸርን ሸሚዝ አራሰው። ከዚያ በኋላ ነው «ሰው ጥሩ!» ብላ የጮኸችው።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ዐይኑ እንደማያይ ሐኪሞቹ ነገሩኝ» አለች ዳይሬክተሯ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ነው ወለሉን እርጥብ ትተሽ የሄድሽው?»

«አዎ» አለች እናቴ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ማንም የለበትም።»

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አወቅሁ፤ አንዱ እውነት፣ አንዱ ውሸት። ልጅ ሆኜ ግን ሁለቱን አጣብቄ አንድ አደረግኋቸው። ቲቸር ዐይነ ስውር ነው፤ እናቴም እያወቀች እርጥብ ወለል ላይ ጣለችው። ስለ ኩርባዬ ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። እንዲያውም ውሎ አድሮ ረሳሁት ማለት ይቻላል። በአእምሮዬ ውስጥ ወለሉ አስቀድሞ እርጥብ ሆነ፤ ከዚያ ኮቴው፣ ከዚያ ውድቀቱ መጣ። ለሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ተርታ ነው የማስታውሰው።

የሮቦት ክፍሉ ተቆለፈ። ውድድሩ ያለ እኛ አለፈ። እናቴ ከሥራዋ ተባርራ ሆቴል ቤት የአልጋ ልብስ አጣቢ ሆነች፤ ማታ ስትገባ እጇ በሳሙና ተልጦ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቲቸር ከእህቱ ጋር ወደሚኖርበት ቤት ትሄዳለች፤ ታነብለታለች፣ ታራምደዋለች። ሠርጉ ቀርቷል። «ነይ አብረን እንሂድ፤ ይጠይቅሻል» ስትለኝ አንድም ቀን አልሄድኩም። ጥላው ስታበቃ ልታስታምመው ትሄዳለች እያልኩ እበግን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን በማይረባ ነገር ተጣላንና የያዝኩትን አወጣሁት።

«ባልዲሽ ነው አባት ያሳጣኝ» አልኳት።

የምታጥፈውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ልክ ነሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አብረን በላን፣ አብረን ኖርን፣ አስተማረችኝ፣ ታመመች፣ አስታመምኳት። ግን ከዚያ ቃል ወዲያ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ነበረ። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት።

ዛሬ እኔም ሮቦት አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ጠረጴዛ ላይ መስመር ለጥፋ ሮቦቷን ለቀቀችው። ሮቦቱ መስመሩን ተከትሎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደቀና ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልጅቱ አለቀሰች፤ «ሰነፍ ሮቦት ነው» አለች። እኔም ከአፌ ሳላስበው ወጣ። «ሮቦቱን አትቆጪው። የሆነውን ሁሉ በወረቀት ጻፊና ደርድሪው።»

ልጆቹ ሲሄዱ ብጣሾቹን ልሰበስብ ተንበረከክሁ። ባዶ ወረቀት ተርፎ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጻፍ ጀመርኩ። ውሃ። ኮቴ። ውድቀት። ናስትሮ መላጥ። ጣት መጥረግ። ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ሳያቸው ግን አልሄድ አሉኝ። ናስትሮ እርጥብ ወለል ላይ አይጣበቅም፤ ይህን በየቀኑ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ። እኔ የላጥኩት ናስትሮ ግን ደረቅ ነበር። ሙጫው ጣቴን አጣብቆታል። በጉልበቴ ስድህ ቀሚሴ አልረጠበም።

«ውሃ» የሚለውን ወረቀት አነሳሁና ከመጨረሻው አስቀመጥኩት። ወረቀቶቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ። እናቴ ትለጥፈው የነበረው መስመር ቲቸር ደረጃውን የሚያውቅበት ነበር፤ ማቆሚያውን ያነሳሁበት እኔ ነኝ። እዚያው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ድረስ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የቲቸርን በር አንኳኳሁ። እህቱ አስገባችኝ። መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ያኔ የተሰበረውን እግሩን ዘርግቶታል። ሳልናገር «ቅርፊት ነሽ» አለ።

«እንዴት አወቁኝ?»

«ቦርሳሽ ውስጥ ጎማ ይንኳኳል። ደግሞስ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ወደዚህ የሚመጣ ማን አለ?»

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «መስመሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እናቴም ታውቅ ነበር።»

«ጣትሽን አይታ ነበር። ሆስፒታል መጥታ ‹ውሃ ደፍቻለሁ፤ እርስዎም አዳለጠኝ ይበሉ› አለችኝ። እኔ ደግሞ መስመሩ ከተላጠ በገዛ ድካሜ ወደቅሁ ብዬ ልጨርሰው ነበር። እንቢ ብላት አልሰማ አለች። ‹ልጄ ይህን ተሸክማ አታድግም› አለችኝ።»

«እሷን ስቆጣ ነው ያደግሁት።»

«አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ እያለቀሰች መጣች። ልጄ ‹ባልዲሽ ነው አባት ያሳጣኝ› አለችኝ አለች። እንንገራት አልኳት። ‹ተዉ፤ እኔን ትቆጣ። እኔን ስትቆጣ ማታ ገብታ ታገኘኛለች። ራሷን ከተቆጣች ግን ወዴት ትገባለች?› አለችኝ።»

ራሴን ጉልበቱ ላይ ደፋሁ። እሱም እጁን አናቴ ላይ አሳረፈ።

«ልትጋቡ ነው ብዬ ነበር እኮ» አልኩት በመጨረሻ። «ያን ኩርባ የሠራሁት ለዚያ ነው። ጎበዝ ልጅ እንዳለችዎት ላሳይዎት።»

እጁን ከአናቴ አነሳ። «እኔም አስቤው አውቃለሁ» አለ። «ከዐይኔ ጋር ሸክም እሆንባታለሁ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።» መስኮቱ ወዳለበት ዞረ። «አንድ ነገር ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር። እናትሽን ብጠይቃት አላየሁም አለችኝ።»

«ምንድን ነው ቲቸር?»

«ያቺ ሮቦትሽ። ዞረች?»

«አላስኬድኳትም» አልኩት። «መስመሩን ላጥኩት እኮ። ትዞር እንደነበር አላውቅም።»

ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ የተዘረጋ እግሩን ሰበሰበ፤ ከፊቱ ያለውን ባዶ ወለል በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«እዚህ ቦታ አለ» አለኝ።

የዚህ ሥራ አስተማሪ ቦርሳ ውስጥ ናስትሮ አይጠፋም። ጥቅሉን አወጣሁና አጫጭር አድርጌ መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ብጣሽ ማቆሚያ አድርጌ ከጫማው ፊት አግድም ለጠፍኳት።